አርባ ሦስት ካሚዮን በሁለት ጋዜጣ

በዚያን ዘመን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ እኔ የማውቀው የአማርኛ ታይፕ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔ። የእኔ ስል ማፈር ይገባኛል፤ የመንግሥት ንብረት ነው። ደርግ የወረዳችንን ጽሕፈት ቤት ሰዎች አንድ ባንድ መልቀም ሲጀምር፣ ሌላው ልጁን አዝሎ ስንቁን ሸክፎ ሲወጣ፣ እኔ ያን ብረት ስልቻ ውስጥ ከትቼ፣ በአህያ ጭኜ የጓንግን ወንዝ ተሻገርሁ። ለምን እንደያዝሁት እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። ጸሐፊ ነበርሁ፤ ያለ እሱ ከሰው የምቆጠር ሳይመስለኝ ቀርቶ ይሆናል። በመንገድ ያገኙኝ ሰዎች የልብስ ስፌት መኪና መስሏቸው "እሰይ፣ ባለሙያ የትም አይወድቅም" እያሉ መረቁኝ። እኔም አሜን ብዬ አለፍሁ።

ገዳሪፍ ስደርስ ስደተኛው ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። ሁለቱም ወገን ደርግን ይጠላል። እርስ በርሳቸው ግን የባሰ ይጠላላሉ፤ ደርግ ሩቅ ነው፣ እነሱ ከአንድ ጉድጓድ ውሃ ይቀዳሉ። የድርጅቶቹን ስም አላነሣም፤ ስማቸው ረጅም፣ ልዩነታቸው አጭር ነበር። እኛ ተራዎቹ በሰፈራቸው ነበር የምንጠራቸው፦ ከትልቁ የእህል ጎተራ በላይ የሰፈሩት "ላዮች"፣ ክረምት ብቻ ውሃ ከሚወርድበት ኾር አጠገብ ያሉት "ታቾች"።

ሁለቱም ጋዜጣ ነበራቸው። ጋዜጣ ስል አንድ ወረቀት ማለቴ ነው፤ በካርቦን ስድስት ቅጂ ይወጣና በየራኩባው፣ ያው በየዳሱ ሥር፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ቆሞ ያነበዋል። የላዮቹ ጋዜጣ ራስጌው ላይ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይላል። የታቾቹ ደግሞ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላል። ሁለቱንም የምጽፈው እኔ ነኝ። ላዮች ሰኞ ይመጣሉ፣ ስኳር ይሰጡኛል። ታቾች ማክሰኞ ይመጣሉ፣ ሳሙና ይሰጡኛል። ሰኞ "የታቾች ክህደት" ብዬ እመታለሁ፣ ማክሰኞ "የላዮች ቅጥፈት" ብዬ እመታለሁ፣ ረቡዕ ልብሴን አጥቤ ሻይ እጠጣለሁ። በሁለት ቢላዋ መብላት ይሉታል የአገራችን ሰዎች። እኔ ግን ራሴን ገለልተኛ እያልሁ እጠራ ነበር።

የላዮቹ አዘጋጅ የታሪክ መምህር የነበረ፣ ረጅም፣ ጥላውን የሚጠረጥር ሰው ነው። ራኩባዬ ሲገባ መጀመሪያ ከአልጋዬ ሥር ያያል። የታቾቹ አዘጋጅ በአገሩ ጥብቅና ይሠራ የነበረ፣ አጭር፣ ነገር ከሰው አፍ መንቀስ የሚወድ ሰው ነው። "ደህና አደርህ?" ካልኸው "ደህና ማለት ምን ማለትህ ነው?" ይልሃል። ሁለቱም እኔ ዘንድ እንደሚመላለሱ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ግን የማያውቁ ለመምሰል ተስማምተዋል። በመካከላቸው የነበረው ስምምነት ይኸው ብቻ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። ጠበቃው በመጣ ቁጥር "ያገለገለውን ካርቦን ልጣልልህ" እያለ ይወስድልኝ ነበር። ደግ ሰው ነው ብዬ አመሰገንሁት። ለካስ አንድ ጊዜ የተመታበት ካርቦን ወደ ፀሐይ ሲያዩት ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሰኞ ላዮች ያስጻፉትን ጠበቃው ማክሰኞ በካርቦን ያነባል፤ ወዲያው መልሱን ያስጽፈኛል። የታቾች ጋዜጣ ሐሙስ ይወጣል፣ የላዮች ቅዳሜ። ስለዚህ ሕዝቡ ማስተባበያውን ሐሙስ ሰምቶ፣ የተስተባበለውን ነገር ቅዳሜ ይሰማል። ይህን ማንም እንግዳ ነገር አላለውም።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ገበሬ ከመተማ በኩል መጣ። እኩያዬ ነው፤ መንደሩም ከእኛ ወረዳ ብዙ አይርቅም። ሰሊጡን በአገሩ አጭዶ፣ ነዶውን ከምሮ፣ እስኪደርቅ ድረስ ሱዳን ማሽላ ቆረጣ ሊሠራ ነው የተሻገረው። በየዓመቱ እንዲህ ያደርጋል። ዘንድሮ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ከጭልጋ ወደ ሸሂዲ በሚወርደው መንገድ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀምጦ የጦር ካሚዮን ሲያልፍ አይቷል። ጦርነት ይመጣል ብሎ ፈርቷል። ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹንና ሽማግሌ አባቱን ከመንደሩ ማውጣት ይፈልጋል። ችግሩ ሰሊጡ ነው። ሰሊጥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክምሩ ደርቆ አፉን ሲከፍት በቦታው ሆኖ ገልብጦ የሚያራግፈው ከሌለ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል፣ የዓመቱ ልፋት ለጉንዳን ይሆናል። አሁን ቢያወጣቸው ዓመቱን ሙሉ ይራባሉ። ቢያቆያቸው ደግሞ ጦሩ ይደርስባቸው ይሆናል።

ያረፈው እኔ ዘንድ ስለነበር ወሬው ተሰማና ሁለቱም አዘጋጆች ሊጠይቁት እኔ ራኩባ ድረስ መጡ፤ መምህሩ ሰኞ፣ ጠበቃው ማክሰኞ።

"ስንት ካሚዮን አየህ?" አለው መምህሩ።

"አርባ ሦስት።"

"በምን ቆጠርኸው?"

"በጠጠር።"

በሰሊጥ አጨዳ ልማዱ ይኸው ነው። አጫጁ አንድ ክምር ባቆመ ቁጥር አንድ ጠጠር ኪሱ ይጨምራል፤ ቀኑ ሲያልቅ ከካቦው፣ ከሥራ አለቃው ጋር የሚከራከረው በእሱ ነው። ካሚዮኑንም እንዲሁ ነበር የቆጠረው። መምህሩ ጠጠሩን አንድ ባንድ ቆጠረና ወደ እኔ ዞሮ "ከመቶ በላይ ብለህ ጻፍ" አለኝ።

"አርባ ሦስት ነው ያለው እኮ" አልሁት።

"የተደበቀም አለ። ጦር ያለውን ሁሉ በቀን በመንገድ አያሳልፍም። አስብ እንጂ!"

ከመቶ በላይ ብዬ ጻፍሁ።

በማግሥቱ ጠበቃው መጣ። የትናንቱን ካርቦን ከጠረጴዛዬ እንዳነሣ የመቶውን ወሬ በምን እንደሚያፈርሰው ያሰበ ይመስል ነበር። ገበሬውን ፊት ለፊቱ አስቀመጠው።

"ካሚዮኖቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር የሚሄዱት?"

"የሚወርድም አለ፤ የሚመለስም አለ።"

"የተመለሰውንም ቆጠርኸው?"

"ያለፈ ሁሉ ጠጠር አለው።"

"እንግዲያ አንዱ ካሚዮን ሁለት ጠጠር ሊይዝ ይችላል።"

"ይችላል።"

"አራትስ?"

"ከተመላለሰ ይችላል።"

"ውሃ የሚያመላልስ ቢሆን አርባ ሦስት ጊዜ ሊያልፍ አይችልም?"

ገበሬው ሳቀ። "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ነጂው ካልደከመው ምን ይከለክለዋል!"

ጠበቃው ሳቁን አላስጻፈም። "ምንጩ ራሱ ያየው አንዲት የውሃ ካሚዮን ስትመላለስ መሆኑን አምኗል" ብለህ ጻፍ አለኝ። ጻፍሁ። ሐሙስ ዕለት የታቾች ጋዜጣ "በመንገዱ መቶ ካሚዮን አልታየም" ብሎ ወጣ። ስለ ካሚዮን ምንም ያልሰማው ሕዝብ "የምን መቶ ካሚዮን?" እያለ ሲጠይቅ ሰነበተና ቅዳሜ የላዮቹን ሲሰማ እፎይ አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሦስት ሳምንት ተጎተተ። ላዮች ታቾችን "ሕዝቡን ለጦር የሚያስበሉ" አሏቸው። ታቾች ላዮችን "መንደሩን ባዶ አድርገው የራሳቸው መሸሸጊያ ሊያደርጉት የሚሹ" አሏቸው። ጦሩ ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለው ቀርቶ ማን ምን ብሎ ነበር የሚለው ሆነ ክርክሩ። ራዲዮ ያለው ሰው ዘንድ ሰው እየተሰበሰበ የአዲስ አበባውን ያዳምጣል፤ እሱ ስለ ጥጥ ለቀማ ያወራል። ላዮች "ስለ ጥጥ የሚያወራው ጦር ሊደብቅ ነው" ይላሉ። ታቾች "ጦር ቢኖር ስለ ጥጥ ባላወራ" ይላሉ። እኔ ሁለቱንም በሥርዓት አሳምሬ እጽፋለሁ። በተለይ "በተረጋገጠው መሠረት" የምትለዋን ሐረግ እወዳት ነበር። ከየት እንዳመጣኋት አላውቅም፤ ግን አረፍተ ነገር ላይ ስትገባ ኮት እንደለበሰ ሰው ታስከብረዋለች።

ገበሬው በዚህ ሁሉ መካከል ማሽላ ይቆርጣል። በማሽላው እርሻ ላይ ሰዎች "የውሃ ካሚዮን" የሚል ስም አወጡለት። "የውሃ ካሚዮን፣ ጠማን!" ይሉታል። መጀመሪያ አብሮ ይስቅ ነበር። ሰው ግን የራሱን ዓይን ስንት ቀን ብቻውን ይዞ ይቆያል? ጋዜጣው ሲነበብ በተሰበሰበው ሰው መካከል ቆሞ ስለ ራሱ ይሰማል፤ ማንበብ አይችልም፣ ግን ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ነገር ሐሰት ሊሆን አይችልም ብሎ ያስባል። አንድ ቀን መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

"ጸሐፊው" አለኝ፣ "ሁለቱንም የምትጽፈው አንተ ነህ። የትኛው ነው እውነቱ?"

"እኔ የምጽፈው ነው እንጂ የማውቀው አይደለም" አልሁት። መልሱ ያምር መስሎኝ ነበር።

"እኔ ምን እንዳየሁ ጠፋኝ" አለ። "አቧራ ነበር። አንዱ ካሚዮን ከአንዱ ይመሳሰላል። ውሃ ይሆናል እንዴ? አባቴ ደግሞ በወሬ አይነሡም። ልጄ ይላክብኝ ነው የሚሉት። ደብዳቤ ጻፍልኝ።"

"ምን ልበል?"

ብዙ አሰበ። "ሰሊጡ እስኪራገፍ ቆዩ በል። ወሬው ውሸት ሳይሆን አይቀርም በል። ካስፈራችሁ ግን ተነሡ በል።"

ይህን ያለው በአፉ ነው፤ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታይፑ ላይ ስቀመጥ ግን እጄ የለመደውን ጻፈ፦ "የጦርነቱ ወሬ መሠረተ ቢስ መሆኑ ተረጋግጧል። ሰሊጡ እስኪራገፍ በቦታችሁ ቆዩ።" "ካስፈራችሁ ተነሡ" የሚለው ቀረ፤ ከላይኛው ጋር አልሄድ አለኝ። መልሼ ሳነብለት በቃል እሱ ያለውን እንጂ የጻፍሁትን አላነበብሁለትም፤ ተመሳሳይ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤውን ወደ መተማ የሚሻገር መንገደኛ ወሰደው።

በኅዳር አጋማሽ ጦሩ መጣ። ስንት ካሚዮን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከጋላባት በኩል የሎሪ ጭነት ሰው ገዳሪፍ መራገፍ ሲጀምር ነው የሰማነው። የአዲስ አበባው ራዲዮ በዚያም ቀን ጥጥ ለቀማ ላይ ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ራዲዮ ሁለት አረፍተ ነገር ብቻ ተናገረ፤ ድንበሩ አካባቢ ውጊያ መኖሩን "ምንጮች ገልጸዋል" አለ። ላዮች "ምንጮቹ እኛ ነን" አሉ። ታቾችም "ምንጮቹ እኛ ነን" አሉ። የላዮች ጋዜጣ "ብለን ነበር!" ብሎ ወጣ። የታቾቹ ደግሞ ጦሩ የመጣው በሌላ መንገድ ስለሆነ በዚያኛው መንገድ ካሚዮን አለመታየቱ ትክክል እንደነበረ አስረዳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ያን ሳምንት ስኳሩም ሳሙናውም በእጥፍ መጣልኝ።

ገበሬው ወደ ድንበሩ ሮጠ። ዶካ ላይ ኬላ ጠባቂዎቹ ተስሪህ፣ የይለፍ ወረቀት፣ የለህም ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲያ ሥራ ተወ። ሎሪ በሚያራግፍበት ቦታ ቆሞ ይውላል፤ የወረደውን ሁሉ ሰው ፊቱን ያያል። የሰው ልጅ እንዲህ ሰውን ሲያይ አይቼ አላውቅም። በዘጠነኛው ቀን ከመንደሩ አካባቢ የመጡ ሰዎች ሾዋክ፣ የስደተኛ መመዝገቢያው ዘንድ አሉ የሚል ወሬ ሰማንና አብሬው ሄድሁ።

ሚስቱን ከመመዝገቢያው አጥር ውጪ፣ ከአንድ ግራር ሥር አገኘናት። ሁለቱ ልጆች እግሯ ላይ ተኝተዋል። ሰውዬው ሲያያት መሬት ላይ ተቀመጠ። አልቅሶ ሲያበቃ እሷ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ኸላስ፣ በቃ፣ አለን" አለችው።

"እንዴት ወጣችሁ?"

"ካሚዮኑን እኔም አየሁት። እንጨት ስለቅም። አንተ እንደምትቆጥረው አልቆጠርሁም፤ ብዙ ነው አልሁ፣ በቃኝ።"

"ደብዳቤውስ?"

"ደብዳቤው ለአባባ ነው የተጻፈው። ለእኔ ማን ጻፈልኝ?"

በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ እስቅ ነበር። ለሁለት ጋዜጣና ለሁለት ድርጅት፣ ለመምህሩም ለጠበቃውም፣ ለእኔም ጭምር የምትበቃ መልስ ነበረች። እሱ ግን ዙሪያውን አየና "አባቴስ?" አለ።

ልጆቹን ቀስ ብላ ከእግሯ አነሣቻቸውና ነገረችው። ሽማግሌው ደብዳቤውን ለደብሩ መሪጌታ አስነበቡት። በመኪና የተመታ መሆኑን ሲያዩ ሳሙት። የእጅ ጽሑፍ ቢሆን ያጠራጥራል፤ ይህ ግን የቢሮ ነው አሉ። እሷ እንሂድ ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። "ልጄ ተረጋግጧል ብሏል፤ አንቺ ሴት ነሽ ትፈሪያለሽ፣ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ፤ እኔ ሰሊጡን አራግፌ እከተላለሁ" አሏት። ከእሷ በኋላ የወጡ ጎረቤቶች ከሰሊጡ ክምር አጠገብ ወድቀው አገኟቸው። ከዚህም ከዚያም ይተኮስ ነበር፤ የማን ጥይት እንደሆነ ያየ የለም።

ሰውዬው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"እኔ ተረጋግጧል አላልሁም" አለ። "ሳይሆን አይቀርም ነው ያልሁት።"

"አዎ" አልሁት።

"ካስፈራችሁ ተነሡም ብያለሁ።"

"ብለሃል።"

ሌላ ነገር ብናገር ኖሮ ምናልባት ዛሬ ይቀልለኝ ነበር። ያ ቀን ሲታወሰኝ እስከ አሁን አፍራለሁ። ሚስቱ ምን እንደምንባባል ገብቷት ፊቷን አዞረች።

ገዳሪፍ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። መምህሩ መጥቶ "የታቾችን ቅጥፈት ያመኑ አባት" ብሎ አስጻፈኝ። ጠበቃው መጥቶ "በላዮች ሽብር መንደሩ ባዶ በመቅረቱ ብቻቸውን የቀሩ አባት" ብሎ አስጻፈኝ። ጻፍሁላቸው፤ ያን ጊዜም ጻፍሁላቸው። በሁለቱም ወረቀት ላይ የሽማግሌው ስም አልነበረም፤ ማንም አልጠየቀማ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ገበሬው ራኩባዬ መጣ። በሰፈሩ ያሉት ቄስ በዚያ ወር የሞተው ሰው ስለበዛባቸው ለፍትሐት የሚጠራውን የክርስትና ስም ሁሉም በወረቀት አስጽፎ እንዲያመጣ አዝዘዋል። ወደ ሌላ ሰው ይሄድ ይሆናል ብዬ ነበር። ግን መጣ፣ ቆመ፣ ስሙን ነገረኝ። ወረቀት አስገባሁና መምታት ጀመርሁ።

"ቆይ" አለኝ። "ስሙ አጭር ነው። ብዙ መታህ።"

የመታሁትን አነበብሁ። እጄ "በኅዳር ወር በተካሄደው ውጊያ በግፍ የተገደሉት" ብሎ ሄዷል፤ ስሙ ጋ ገና አልደረሰም።

"እንዴት እንደሞቱም ጨምሬ ነው" አልሁት።

"አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"እኔም አላየሁም። ስሙን ብቻ ጻፍ።"

ወረቀቱን አወጣሁና ሌላ አስገባሁ። ስሙን ብቻ መትቼ እጄ እስኪቆም ድረስ አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ።